ዝም ያልንበት ጣቢያ

ማርች 3
ብርድ። የጠዋቱ ባቡር ተማሪዎቹን ይዞ ሄደ። ጣቢያው ሠራተኛ ካጣ ወዲህ ቢሮው የኔ ፀጉር ቤት ነው... ባቡር የሚጠብቅ ሁሉ ምድጃዬ ዘንድ ይሞቃል፤ የሚቆረጠው ግን ጥቂቱ ነው። ዛሬ አናጢው አባባ ቶኩጂ ብቻ መጡ። ፀጉር የላቸውም፤ የሚመጡት ለወሬ ነው።
"ከባቡር ድርጅቱ ሰው ይመጣል አሉ። ስብሰባ ነው።"
ምን ሊሉን ይሆን?

ማርች 6
የጣቢያውን ቤት ሊያፈርሱት ነው! በምትኩ ትንሽ የቆርቆሮ መጠለያ ይተክላሉ። የተላከው አቶ ናሩሴ ልጅ እግር ነው፤ ትሁት። "እንጨቱ በስብሷል። ተቃውሞ ያለው?" አለ።
ሁላችንም ጉልበታችንን አየን። ትልቅ ሰው ሳይናገር እንዴት ይቀደማል? ትልልቆቹ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጠብቃሉ...
"እንግዲያው ተስማምታችኋል፤ አመሰግናለሁ" ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ።
ከዚያ በኋላ የተነሳው ጩኸት! "አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ እኮ ነው!" "እኔማ አንተን ስጠብቅ!"
ከዚህ ወጥቼ የት ልሠራ ነው? በራሴ ተናደድኩ።

ማርች 14
መደርደሪያዬን እንዲነቅሉልኝ አባባ ቶኩጂን ጠራሁ። በዚያው በሰበሰ የተባለውን እንጨት ሊያዩ ኮርኒሱን ከፍተው አንገታቸውን አስገቡ። በመዳፋቸው አንድ ነገር ይዳብሱ ጀመር።
"ምነው አባባ?"
"መሰላሉን ውጪና እዪ።"
የጣራው አግዳሚ እንጨቶች ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት። የየቤተሰባችን ምልክት፣ ያው ጎተራችን ላይ ያለው። አማቴ "ባቡሩ እዚህ እንዲቆም እያንዳንዱ ቤት አንድ ዝግባ ሰጠ" ሲሉ የእርጅና ወሬ ይመስለኝ ነበር። የባሌ ቤት ምልክት ልክ ከመስተዋቴ በላይ... ስንት ዓመት ከሥሩ ቆሜ!
አባባ ቶኩጂ በመዶሻ መታ መታ አደረጉት። "የበሰበሰው የላዩ ክዳን ብቻ ነው። ይሄ እንጨት እኔን ይቀብረኛል።"

ማርች 17
መንደሩ ሁሉ ተራ በተራ መሰላል ወጣ። የቤቱን ምልክት አግኝቶ ያለቀሰም አለ። አቶ ናሩሴን አስጠራነው። እሱም ወጥቶ አየና ወረደ።
"ታዲያ ምን ትላላችሁ?"
እንደገና ጸጥ! ከዚያ አንድ ሰው "አይፈርስም!" ብሎ ጮኸ። ለካ እኔ ነኝ። ያኔ ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ... ማን ማንን ይስማ!

ኤፕሪል 20
እፎይ። ቤቱን ማዘጋጃ ቤቱ ተረከበው። ክዳኑ ይታደሳል፤ እኔም ካለሁበት አልነቃነቅም። ትከሻዬ እንዴት ቀለለኝ!
ዜናውን ያመጣው ራሱ አቶ ናሩሴ ነው። ባቡሩ እስኪደርስ ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ፀጉሩን አሳጠርኩለት። ትንሽ ሳላበዛው አልቀርም። ሌላ መስተዋት ከኋላው ይዤ፣
"ተቃውሞ ያለው?" አልኩ።
ጉልበቱን አየ።
"እንግዲያው ተስማምተዋል፤ አመሰግናለሁ" ብዬ እጅ ነሳሁ። አባባ ቶኩጂ ምድጃው አጠገብ እስኪያስላቸው ሳቁ።