የቀርከሃው ጉርድ

ሰኞ፣ ጥር 12 ቀን 2006

ሽቦው እንደገና ታጠፈ። እህቴ እናኑ ለብሳው ወንበር ላይ ብትቀመጥ በፊት በኩል ጎብጦ ቀረ። የአጥር ሽቦ ለቀሚስ አይሆንም ብዬ ነበር፤ አልሆነም።

ሠርጉ እሑድ ነው። እናኑ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ይህን የምናውቀው እሷ፣ እጮኛዋ አበረና እኔ ብቻ ነን። ቬሎው ከወገብ በታች ሰፍቶ ካልቆመ ሆዷ ይታያል፣ ከታየ ደግሞ አማቶቿ ገና ከበር ይንቋታል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ክፉ ስሙም የሚመጣው በእኔ ነው።

እስካሁን የሞከርኩት፦ ቱሉን፣ መረብ መሳዩን ስስ ጨርቅ፣ ሰባት ድርብ አደረግሁት፣ ወደቀ። ገበሩን ስታርች ነክሬ አሰጣሁት፣ የጠዋት ጤዛ መልሶ አለሰለሰው። ከዚያ ይኼ ሽቦ።

ስፌት ስማር መምህራችን ድሮ የፈረንጅ ሴቶች ጉርዳቸውን የሚያቆሙት በፈረስ ጭራ በተሸመነ ጨርቅ ነበር፣ በኋላ ነው የብረት ቀለበት የመጣው ብላን ስቀን ነበር። አሁን አያስቀኝም። እዚህ አገር ፈረሱስ ሞልቷል፣ የሚሸምንልኝ ነው የጠፋው።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ዳንግላ ደርሼ መጣሁ። የቬሎ ሽቦ የለም። ባለሱቁ “ባሕር ዳር ካልሄድሽ አታገኚውም” አለኝ። ባሕር ዳር ሄጄ፣ ተመልሼ፣ መቼ ልሰፋው?

በሚኒባስ ስመለስ እንጅባራ መግቢያ ላይ የቀርከሃ ወንበር የሚሸጡትን አየሁና “ወራጅ አለ” አልኩ። ሰውየውን በቀጭኑ ሰንጥቅልኝ ስለው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

“ለቀሚስ።”

“ለቀሚስ?” ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ቢሆንም እርጥቡን መረጠልኝ፤ ደረቁ ሲታጠፍ ይሰበራል አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ቆመ። አራት የቀርከሃ ክብ፣ የታችኛው ሰፊ፣ ወደ ላይ እያነሰ የሚሄድ። ቱሉን እንዳይቧጭረው በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩት፣ በጥብጣብ አያያዝኩት። እናኑ ለብሳው ዞረች። ሆዷ የት እንደገባ እንጃ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ደስታዬ እስከ ከሰዓት ብቻ ነበር። አበረ መጣና አባቱ አያ ሙሉ ፈረሱን ማስጌጥ መጀመራቸውን ነገረን። ሙሽራዋ ከአስፋልቱ ወርዳ፣ ከአዘና ወዲያ እስካለው ቤታቸው በፈረስ ነው የምትገባው።

እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ስንቷን ሙሽራ በፈረስ ሸኝቼ፣ እንዴት ረሳሁት? ስለ ሆዷ ሳስብ ስለ መንገዱ ማሰብ ተውኩ፤ ይህ ክብ ቀርከሃ ኮርቻ ላይ አይቀመጥም።

የቀሚሱስ ይቅር። ባለፈው ወር ደም ታይቷት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ከሚያንገጫግጭ ነገር ተጠንቀቂ ተብላለች። አበረን “ለአባትህ ንገራቸው” አልኩት። መሬት መሬት እያየ “እንዴት ብዬ?” አለ። እኔስ እንዴት ብዬ።

ዓርብ፣ ጥር 16

ሌሊቱን አስቤ ያገኘሁት፦

አሟታል ማለት። ታዲያ ሠርጉ ለምን አይገፋም ይላሉ።

ከጤና ጣቢያው ወረቀት ማምጣት። ወረቀቱ እርግዝናዋን ይናገራል።

እውነቱን መናገር። እሱን አልችልም።

እናኑን ቀሚሱን አልብሼ የእህል ጆንያ ላይ እንደ ፈረስ አስቀመጥኳት። ጉርዱ ከፊት ተነስቶ ፊቷን ሸፈነው። ሳቅን። ከውስጥ “እትዬ፣ ልጁ ቢወርድስ?” አለች። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሳይታሰብ የአበረ እናት መጡ፣ እማማ ጥሩነሽ። “ቀሚሱን ልየው ብዬ ነው” አሉ። እናኑ ለብሳው ቆማለች፤ የት ልደብቃት?

ዞሯት። ቀርከሃውን በጣታቸው ጫን አሉት፣ መልሶ ተነሳ። በአዊኛ የሆነ ነገር ለራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ እጃቸው ወደ ወገቧ ሄደና እዚያው ቆየ። እናኑ ዓይኗን ጨፈነች።

እጃቸውን አንስተው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

“ይኼን ለብሳማ ፈረስ ላይ አትወጣም” አሉኝ።

“እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጉርዱን ከልክ በላይ አሰፋሁት...”

“ለአበረ አባት እኔ እነግረዋለሁ። ቀሚሱ አልመች አለ እለዋለሁ። መንገዱ ደርቋል፣ መኪና እስከ ደጅ ይገባል።”

ልሸኛቸው ስወጣ አጥሩ ጋ ቆም አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ወገቡን አጥብቀሽባታል፣ ልጄ። ልቀቂላት” አሉኝ።

ገብቼ ስፌቱን መተርተር ጀመርኩ። እናኑ “አወቁ እንዴ?” አለች። “አውቀዋል” አልኳት። ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

አሁን መሽቷል። አያ ሙሉ እሺ ይበሉ አይበሉ የደረሰን መልእክት የለም። የአበረም ስልክ ኔትወርክ የለውም። ወገቡን ሦስት ጣት ለቅቄላታለሁ።