በስሜነሽ ስም የኖርኩት ሰባት ዓመት

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለውዱ ሽባባው፣ አዲስ ቅዳም።

እንደምን ሰንብተሻል ውዱዬ? ጾሙ እንዴት ያዛችሁ? ውርጩስ ለቀቃችሁ ወይ? እማዬን ወገቧ ተሻላት? አባዬ ሳሉ እንዴት ሆነለት? ከከሰሉ ጭስ ራቅ በል ብዬ ስንት ጊዜ ላክሁበት መሰለሽ፤ ምክር የሚሰማ ሰው ቢሆን ኖሮ። ወንድማችን ይሄይስስ ትምህርቱን ይዟል ወይስ ዛፍ ቆረጣውን? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልሆንኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሙፊዳ ናት። የጫግኒ ቆላ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። እዚህ ኩዌት ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሕንፃ እሷ ከላይ እኔ ከታች ስንሠራ ኖረን፣ አሁን ጠቅልላ ገባች። የምትበላውን አቅርቡላት፤ ለእኔ ከእኅት አታንስም። ነገሩን በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ድምፁን ከፍታ ስለምትሰማ ነው። ኔትወርኩም እንደምታውቂው ዋናው ወሬ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ከዚያ ለአባዬ አንብቢለት፤ ለእማዬ የሚነገረውን እሱ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ያልሽኝን ከሰማሁ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድድ ሰነበትኩ። ደላላው ስማቸው «ዕድሜሽ ገና ነው፤ ግን የእኅትሽ የልደት ወረቀት አለ፤ እሷ አልወጣችበትም፤ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ አንቺ ሂጅበት» አለሽ። አንቺም እየሳቅሽ «ስምሽን ልወስድብሽ ነው» አልሽኝ። እኔ አልሳቅሁም። ዝም ስል ስልኩ የተቋረጠ መስሎሽ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትይ እሰማሽ ነበር። ለምን ዝም እንዳልኩ አሁን ልንገርሽ።

በሌላ ሰው ስም መውጣቴን ታውቂያለሽ፤ የማን ስም እንደሆነ ግን አታውቂም። በ2004 ዓ.ም. ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ይኸው ስማቸው ዳንግላ አንድ ሻይ ቤት ጠርቶ የራሴን የልደት ወረቀት ተቀበለኝና የሌላ ሰው ሰጠኝ። ስሜነሽ ጎሹ ነጋ ይላል፤ የአዘና ልጅ ናት፤ ከእኔ በሰባት ዓመት ትበልጣለች። «ባለቤቷስ?» አልኩት። «እሷማ መጠበቅ ሰልችቷት ዓምና በመተማ በኩል በእግሯ ሄደች፤ ወረቀቷን እኔው ዘንድ ትታው ነው የሄደች» አለኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። በዚያ ወረቀት አዲስ አበባ ሄጄ ፎቶ ተነሣሁ፤ ፓስፖርት አወጣሁ። አባዬ ሲጨነቅ «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄደው» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱን አትውቀሺው።

መጀመሪያ ሰሞን ሲጠሩኝ አልሰማም ነበር። ማዳም «ይህች ልጅ ጆሮዋ አይሰማም» ብላ ሐኪም ዘንድ ልትወስደኝ ደርሳ ነበር። እየቆየ ለመድሁት። አንድ ቀን ሙፊዳ በደረጃው ላይ ከኋላዬ «ሰርክአዲስ! ሰርክአዲስ!» እያለች ስትጣራ ዘወር ሳልል ሄድኩ። ሮጣ ደርሳ ትከሻዬን ስትይዘኝ «ማንን ነው የምትጠሪው?» አልኳት። የምሬን ነበር። ሙፊዳ እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሣችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ዓምና በጥቅምት መኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ አሻራ ወደሚሰጥበት አዳራሽ ወሰዱኝ። ሰው ሞልቷል። ጸሐፊው «ስሜነሽ ጎሹ ነጋ» ብሎ ሲጠራ ተነሣሁ። ከፊት ረድፍ ሌላ ሴት አብራኝ ተነሣች። በአንድ ስም ሁለት ሰው ቆምን። እሷ ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እውነተኛዋ መጣች ብዬ ነበር። አሻራዬን ሰጥቼ ስወጣ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ለካ ስሟ ሌላ ነው፤ የስሜነሽ ጎረቤት የነበረች የአዘና ልጅ ናት። ስሜነሽ ስትሄድ ገና ልጅ ስለነበረች መልኳን በደንብ አታስታውስም። «ሞታለች ተብሎ የቀረ ስም ሲጠራ ሰምቼ ሳላውቀው ተነሣሁ» አለችኝ። አቅፋኝ አለቀሰች። «እናትሽ እኮ ለሰባት ዓመት ዓይናቸው መንገድ ላይ ነው» አለች። ፖሊሶች አጠገባችን ቆመዋል። አይደለሁም እንዴት ልበል? የስልክ ቁጥሬን ተቀብላኝ ሄደች።

በማግሥቱ ዓርብ ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ ከአዘና በሰው ስልክ ነው የደወሉት። እትዬ ዓባይነሽ ይባላሉ፣ የስሜነሽ እናት። መጀመሪያ በአገውኛ ተናገሩ። እኔ አገውኛ ከየት አመጣለሁ? በኋላ ቀስ ብለው በአማርኛ «ቋንቋችንን ረሳሽው?» አሉኝ። «ረሳሁት» አልኩ። «ይሁን» አሉ። «ስሜነሽ» ብለው ጠሩኝ። «አቤት» አልኩ። ሌላ ምንም ሳይሉ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ሲተነፍሱ ብቻ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ይደውሉ ነበር። ቁጥሩን መዝጋት እችል ነበር፤ አልዘጋሁትም። ዓርብ ሲሆን እንዲያውም ሥራዬን ቶሎ ጨርሼ እጠብቃቸው ጀመር። ስለ ላሟ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ይነግሩኛል። አንድ ዓርብ ግን «የግራ እጅሽ ትንሿ ጣት ክረምት ሲመጣ ታሳምምሽ ነበር፤ አሁንስ?» አሉኝ። ውዱዬ፣ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ካቻምና የመኪና በር ተዘግቶባት ተጣማለች። ለእናንተም አልነገርኳችሁም። ለእሳቸው ማን ነገራቸው? «የማን ጣት ናት?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት። «ልጅ ሆነሽ ወፍጮው ካጣመማት ጀምሮ» አሉ። ጣቴን በሌላው እጄ ሸፍኜ ቆምኩ።

ከዘንድሮ ገና በኋላ ደግሞ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «የሄድሽ ለት ደጅ ላይ ምን ብለሽኝ ነበር?» ሊፈትኑኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አላስታውስም ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «በሩን አትዝጊው አልኩሽ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «አልዘጋሁትም» አሉ። «ጅብ ሲመጣ ግርግዳውን ተደግፌ በዱላ እጠብቃለሁ፤ ዝናቡም እየገባ ምድጃውን ያጠፋዋል፤ አልዘጋሁትም።» ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ የራሴን አፍ በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ማዳም ገብታ «ከማን ጋር ነበር የምታወሪው? የሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁ» አለች። «ከእናቴ ጋር» አልኳት። «እናትሽ አይደለችም፤ ከዚህ ከውስጥ ነው» ብላ ዙሪያውን አየች።

ከዚህ በኋላ መቀጠል አልቻልኩም። ያን ሰሞን ደግሞ እንደ እኔው በሰው ስም የገባች አንዲት ልጅ ከምትሠራበት ቤት ታማ ሞተች። ሬሳዋ የተላከው በፓስፖርቱ ላይ ወዳለው ስም ቤተሰብ ነው። ሳጥኑ ሲደርስ የስሙ ባለቤት ራሷ ደጅ ላይ ቆማ ነበር አሉ፤ በሕይወት፣ ልጅ አዝላ። የሟቿ እናት ግን ዛሬም ስልክ ትጠብቃለች። ይህን ስሰማ የእኔ ሳጥን አዘና ሲደርስ፣ እናንተም ስልክ ስትጠብቁ ታየኝ።

ባለፈው ወር፣ በየካቲት የመጀመሪያው ዓርብ ሲደውሉልኝ «እትዬ ዓባይነሽ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልንገርዎ» አልኩ። እስከዚያ ቀን እማ፣ አንቺ ነበር የምላቸው። የቀረውን መናገር አላስፈለገኝም። «እንግዲህ ልትነግሪኝ ነው?» አሉኝ። «የመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ፤ የእኔ ልጅ የእኔን ቋንቋ አትረሳም። ዓምና ሚያዝያ ደግሞ አብራት ሄዳ የነበረችው ልጅ ተመልሳ መጥታ፣ ከሱዳን ወዲያ አሸዋ ውስጥ በእጇ እንደቀበረቻት ነግራኛለች።» እያለቀስኩ «ታዲያ ለምን ይደውሉልኝ ነበር?» አልኳቸው። «ስሟን ስጠራ አቤት የሚለኝ ካንቺ በቀር ማን ነበረኝ?» አሉኝ።

ከዚያ ግን የሚከብዳቸውን ነገሩኝ። አገሬው ሁሉ ልጅዎ ኩዌት ናት ብሏል፤ ቄሱም «አለች ለተባለች ልጅ ፍትሐት እንዴት ይደረጋል?» ብለዋቸዋል። ልጃቸውን ማልቀስ አልቻሉም። «ስሟን መልሽልኝና ላልቅሳት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ልዘጋው ስል አንድ ነገር ከነከነኝና «የበሩን ነገር ግን ከየት አመጣሁት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱን ያልሽው አንቺ አይደለሽም፤ የልጄን ድምፅ መለየት አያቅተኝም» አሉኝ።

እኅቴ፣ ኤምባሲ ሄጄ ሁሉንም ተናግሬያለሁ። አሻራዬ በስሜነሽ ስም ስለተመዘገበ ጥቂት ሳምንት ያስሩኝ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ አገሬ ይልኩኛል፤ ሁለተኛም እዚህ መግባት የለም። በራሴ ስም የጉዞ ወረቀት እንዲሰጡኝ ግን ሰርክአዲስ ሽባባው መሆኔን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀበሌ መምጣት አለበት፤ ከልደት ወረቀቴ ጋር፣ አባዬና ሁለት ሰዎች መስክረው። አንቺ በወረቀቴ አሻራሽን ከሰጠሽ ግን የምመለስበት ስም የለኝም። ስሜነሽም አይደለሁ፣ ሰርክአዲስም አይደለሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀቱን ከስማቸው እጅ አስመልሺው። እምቢ ካለ አባዬና ይሄይስ አብረውሽ ይሂዱ።

አትውጪ አልልሽም። እኔ ወጥቼ አንቺን አትውጪ ብልሽ ማን ይሰማኛል? ግን ዕድሜሽ ይሙላ፤ አንድ ዓመት ምንም አይደለም። አሁን መንገዱ በሕግ ተከፍቷል ይላሉ። በራስሽ ስም፣ በራስሽ ዕድሜ ሂጂ። ሥልጠናውን ሳትወስጂ፣ ሳትፈተኚ አትነሺ፤ እዚህ መጥተሽ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ባለማወቅሽ የምትሰደቢው አንቺ ነሽ። ውሉን በአማርኛ ካላነበቡልሽ አትፈርሚ። የምትገቢበትን ቤት ባለቤት ስም፣ ሰፈሩንና ስልኩን ይሄይስ ደብተሩ ላይ ይጻፈው። የፓስፖርትሽ ቅጂ ቤት ይቅር። የኤምባሲውን ቁጥር በቃልሽ ያዢው፤ ስልክ ሊወስዱብሽ ይችላሉና። «ታምሜያለሁ»፣ «ሐኪም»፣ «ኤምባሲ» የሚሉትን በዓረብኛ ሙፊዳ ታስተምርሽ፤ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ብርድ ልብስ ግን አታምጪ፤ እኔ ኩዌት የውርጭ አገር መስሎኝ ጋቢ ተሸክሜ መጥቼ ሳቁብኝ።

ማታ ማታ ስትተኚ የራስሽን ስም ድምፅ አውጥተሽ ጥሪው። የሞኝ ምክር ይመስልሽ ይሆናል። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠራሁትም፤ አሁን ስጠራው ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሙግት እንዳያበዛ፣ ወረቀቱን ብቻ ቶሎ ያስጨርስ። እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ትመጣለች በያት፣ መቼ እንደሆነ አትንገሪያት። ይሄይስን ዛፉ ይቆየው፣ ትምህርቱን ይያዝ ብላለች በይው። የጎረቤቶቻችንን ሁሉ ስም እየጠራሽ ሰላም በይልኝ።

የስሜነሽ ለቅሶ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ አዘና ይሆናል። እኔ አልደርስም፤ አባዬ ይዞሽ ይሂድ። እትዬ ዓባይነሽ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፅሽ ከእኔ ጋር አንድ ስለሆነ ይደነግጡ ይሆናል። ማን ነሽ ብለው ሲጠይቁሽ የእኔን ስም አታስቀድሚ። ውዱ ሽባባው ኪዳኑ ነኝ በያቸው፤ ቀስ ብለሽ፣ እስከ አያትሽ ድረስ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጠሽ አልቅሺላቸው።

እኅትሽ
ሰርክአዲስ ሽባባው
ኩዌት፣ መጋቢት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.