ሴት ያሳደገቻቸው መምህር አዳሙ ታከለ

ጥር 12 ቀን 1973 ዓ.ም. በእናታችን በወይዘሮ እቴነሽ ተዝካር ላይ ከአገሩ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌዎች አንዱ አያ አድማሴ በሰው ፊት «ሴት ያሳደገው ስለ ዘር ምን ያውቃል» ብለው ወንድሜን አዳሙን ሰደቡ። እኔም ታላቁ አስማረ አብሬ ተሰደብኩ። ከዚህ የምጀምረው ሌላው ቢረሳው እኔ ስላልረሳሁት ነው።

መምህር አዳሙ በሐምሌ 1939 ዓ.ም. በጃናሞራ መካነ ብርሃን ተወለዱ። አባታችን አቶ ታከለ በተስቦ ሲሞቱ ወንድሜ ገና ጡት አልጣሉም ነበር። እናታችን ሌላ ባል ሳያገቡ፣ ሰው ቤትም ሳይሰጡን አሳደጉን። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ሞፈር ጨበጥኩ፤ እሳቸው በባዮሎጂ ተመርቀው በ1966 ጎንደር ማስተማር ጀመሩ። በ1967 ወይዘሮ አበቡን አግብተው አልማዝን፣ ይርገዱንና መንበረን ወለዱ። በ1970 ያለ ጥፋታቸው ታስረው ሲፈቱ ኩላሊታቸው ታሞ ነበር።

በተዝካሩ ላይ የተሰደቡት፣ ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥሩትን ሽማግሌዎች የሴት አያቶቻቸውን ስም ስለጠየቁ ነው። አሥር አባት የሚያወርድ ሁሉ የቅድመ አያቱን እናት አያውቃትም። እሳቸውም፣ «ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ፣ ክሮሞዞም የሚባል የዘር ቅንጣት አለ። አገራችንን ያቀኑት ወንዶች ጥቂት ናቸው፤ ጦርነትም ቀንሷቸዋል፤ ስለዚህ በአባት በኩል ያለው አንድ ዓይነት ሆኗል። ሙሽሪቶቹ ግን ከአዲ አርቃይም ከጭልጋም መጥተዋልና እነሱ ያመጡት ሌላው ክሮሞዞም ዓይነቱ ብዙ ነው። ወንድ ያንን ከእናቱ ብቻ ይቀበላል፤ ለሴቶች ልጆቹ ሳያጎድል ይሰጣል፤ ለወንዱ አይሰጥም» ብለው አስረዱ። አያ አድማሴ ያን ስድብ ከተናገሩ በኋላ «ምነው፣ አስኳላው ቀሚስ ሊያለብሰን ነው?» ብለው ሰውን አሳቁብን።

ልጄ ዓለምነው በ1977 ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ፣ በ1980 መርዶው መጣ። ሌላ ወንድ ልጅ የለኝም። መምህር አዳሙ አልጋ ላይ ሆነውም እሱን ሲያለቅሱ ከርመው፣ ጥር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውንና እኔን ጥለው ሄደዋል። ሳያውቁት የቀሩትን አባታቸውን በሚያዩበት ስፍራ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍ።

ትናንት ድንኳን ውስጥ አያ አድማሴ አስከሬኑ ፊት ቆመው «እንግዲህ የታከለ ቤት ተዘጋ፤ ወንድ የለበት» አሉ። ልጆቹ ሰምተዋል። ከእናታችን የተቀበሉት ድርሻ በሦስቱም ሴቶች ልጆቻቸው ላይ እንዳለ ወንድሜ ነግረውኝ ነበርና ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ያ ከአባት ወደ ወንድ የሚወርደው በእኔ ብቻ ቀርቷል፤ ከእኔ ጋር አፈር ይገባል። እዚህ ላይ ሰውዬው አልዋሹም። ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ።