ሁለት ጣት ዝቅ ያለው የእናትሽ ወንበር

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴን ጨረስኩ። ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባለሁ፣ መጋዜን ራሴ እሞርዳለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ፊደሉ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድም ራሴ ጻፍኩት። አንቺስ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ አደጉልሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ሲያይ ነው የሚለግመው።

በክረምቱ የላክሽልኝን መጽሐፍሽን ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ከፈረንጅኛው እየተረጎመ አነበበልኝ። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ኖረው አንድ መስመር እንኳን ጽፈው ስላልተዉ ሰዎች ነው። "አንተ" የሚሉበትን ቃል ከቋንቋቸው ልጅ ልጆች ለቃቅመሽ "ቱ" ነው ብለሻል፤ ፈረንሳዩ ቱ፣ ሩሲያው ቲ፣ ጀርመኑ ዱ ይላልና። ለወንዱም ለሴቱም ያው አንድ ቱ ነው ሲለኝ፣ ታዲያ ሚስቱን ሲጠራ ጎረቤቱ ከች ቢልስ ብዬ መምህሩን በሳቅ ገደልኩት። ቃሉን ማንም ሰምቶት ስለማያውቅ ከፊቱ የኮከብ ምልክት አድርገሽበታል። ይህን ወደድኩልሽ። አልሰማሁትም፣ ግን ከልጆቹ አወቅሁት ማለትሽ ነው።

እናትሽ ልብስ ትሰፋበት የነበረውን ወንበር ጎርፉ እንደወሰደው ታውቂያለሽ። ዓይኔ ሳይከዳኝ መልሼ ልሠራው ተነሳሁ። በእሱ አምሳያ ለሦስታችሁም ሠርቼላችሁ ስለነበር ወንድምሽና እህትሽ ቤት ሄጄ ለካሁ። ሁለቱ ቁርጥ አንድ ናቸው፤ በዚያው ልክ ሠራሁት። ስቀመጥበት ግን የባዳ ወንበር ሆነብኝ። እህትሽ አባዬ ረስተኸው ይሆናል ብትለኝ፣ እጄን ልታስተምሪው ነው ወይ ብዬ ጮህኩባት።

በማግስቱ መምህሩ ሲያነብልኝ፣ ጎረቤታም ቋንቋዎች አብረው ሊለወጡ ይችላሉ፣ አሮጌውን ይዞ የሚገኘው አንዳንዴ ሩቅ የሄደው ነው ትያለሽ። ወንበርሽን ለክተሽ ላኪልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ልኩ ሲመጣ የግራው ክንድ ማሳረፊያ ሁለት ጣት ዝቅ ያለ ነው። አንቺም አባዬ ተሳስቶበት ነው ብለሽ ጨርቅ ጠቅልለሽበት ኖረሻል።

ስህተት አይደለም ልጄ። እናትሽ የምትሰፋውን በግራ ክንዷ ደግፋ ስለምትይዝ፣ ትከሻዋን እንዳያማት ብዬ ዝቅ ያደረግሁላት ነው። ያንቺን ለሠርግሽ ስሠራ እሷ አጠገቤ ነበረች። የወንድምሽንና የእህትሽን የሠራሁት ግን ካረፈች በኋላ ነው። ደንበኞች ዝቅ ያለውን ክንድ አይተው አናጢው አርጅቶ ሥራው ተንሻፈፈ ብለው ቢስቁብኝ፣ ለሙያዬ አፍሬ አስተካከልኩት። እያስተካከልኩ እሷን አጠፋኋት።

አሁን ወንበሩ አልቋል። ግራ ክንዴን ሳሳርፍ የማን እንደሆነ ክንዴ ያውቃል። ከሥሩ ኮከብ ቀረጽኩበት። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ሩቅ ይዘሽ ሄደሽ አቆየሽልኝ። ያንን ጨርቅ ግን አንሺው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ሳሚልኝ፤ መንታዎቹን ጆሯቸውን ቆንጥጠሽ ሳሚያቸው። ወንድምሽ ደህና ነው፣ እህትሽም ከነኩርፊያዋ ሰላም ብላሻለች።

ያለብኝን ዕዳ ማንም እንዳይከፍልልኝ፣ በእጄ እጨርሰዋለሁ። ለመምህሩ የመጽሐፍ መደርደሪያ። ለእህትሽ ይቅርታ። ለአንቺ ደግሞ፣ ይህን ጥናትሽን ብለሽ ባሕር ማዶ ስትሄጂ ወንበርሽን ፈትቼ እያሸግሁ የሞተ ሰው ቃል ማንን ያበላል ያልኩሽን፤ እሱን በደብዳቤ አይደለም፣ በእሷ ወንበር ላይ አስቀምጬሽ በአፌ እመልሰዋለሁ።

አባትሽ
ከአናጢው ቤት፣ የካቲት 17 ቀን