የሌንሴ ደረት

ሰኞ
ሌንሴ ዛሬም ደረቷን ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። ስትስቅ ይወጋታል፣ ስትተነፍስ ይወጋታል። መምህሩ «ከስፖርት ለማምለጥ ነው» ብሏታል። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልጄ አትዋሽም። እናቷን አምና ቀበርናት፣ እሷም በልብ ሕመም ነው የሞተችው። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ሁሉ ልጅቷን ከወዲሁ በለቅሶ ዓይን ያያታል። ምን አድርጋቸው!

ማክሰኞ
የጸሎት እህቶች መጡ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። መሪያቸው፣ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አድርገው በሙሉ ክብደታቸው እየተጫኑ «ውጣ!» አሉ። ሌንሴ ጮኸች።
«ሰማችሁ? መንፈሱ ጮኸ!»
እልል ተባለ። ሊደግሙ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «አዴ፣ የጮኸችው ልጄ ናት።»
«እምነትህ አንሷል፣ አባ ሌንሴ» ብለው አኩርፈው ወጡ።
ጌታ ሆይ፣ አንሶ ይሆን? ግን አንተ ሕፃናትን ስትዳስስ አላስለቀስክም።

ረቡዕ
ነቀምቴ ሆስፒታል ወረፋው አይጣል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ልቧን አዳመጠ፣ በመሣሪያም አየ። ከዚያ በአንድ ጣቱ የደረቷን አጥንት ጠርዝ ነካ። እዚያው ቦታ ጮኸች!
«ልቧ ደህና ነው። የጎድን አጥንቷ ከደረቷ የሚገናኝበት ለስላሳው አጥንት ተቆጥቷል። ምን ትሸከማለች?»
ውሃ። ከቦኖ፣ ጄሪካኑ በጀርባዋ፣ ገመዱ በደረቷ ላይ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ።
«ስትሮጥ ካመማት ወይም ራሷን ከሳተች ግን ቶሎ አምጣት» አለኝ።
ባጃጅ ውስጥ ደሜ ፈላ። ጠዋት ጠዋት ጄሪካኑን አንስተው ጀርባዋ ላይ የሚያወጡላት አዴ ጫልቱ ናቸው! «ጎበዝ፣ የእናቷ ልጅ» እያሉ። መንፈስ ታያቸው፣ ገመዱ አልታያቸውም። እኔስ? ያንኑ ውሃ ስጠጣ አልነበር?

ሐሙስ
ጄሪካኑን ራሴ ይዤ ቦኖ ሄድኩ። ሴቶቹ ተንጫጩ።
«አባ ሌንሴ፣ ሚስት አግባ እንጂ!»
«ሚስት የሚያገቡት ለውሃ ነው እንዴ?» አልኩ።
አዴ ጫልቱ ጠጋ ብለው «ጸሎታችን ሠራ አይደል?» አሉኝ።
«እጅዎ ሠርቷል፣ አዴ። ሐኪሙ የነካውን ቦታ ቀድመው አግኝተውታል።»
አዴ ጫልቱ ገመድ አልባውን ጄሪካኔን ቆመው አዩት። ይቅርታ ግን አልጠየቁም፣ እኔም ገና አልበረደልኝም።
ቤት ስደርስ ግማሹ ውሃ ሱሪዬ ላይ ፈሷል። ሌንሴ አይታኝ በሳቅ ፈረሰች፣ ወዲያው ደረቷን ያዘች። እኔም የራሴን ያዝኩ።
«አታስቀኝ፣ አባዬ!» አለች፣ እየሳቀች።