ሚጥሚጣ ስለነካቸው ፌስታሎች ለገበያችን ጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ዓብዲናሲር
የገበያችን የጽዳትና የፕላስቲክ ቅነሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሀርጌሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ቁልፉ ከኪስዎ ለማይወጣው ለኮሚቴው መጋዘን ደህንነት ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ ሪሀና እባላለሁ፤ ከድሬዳዋ መጥቼ፣ ወደ አያሃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ገበያችን በርበሬና ሚጥሚጣ መሸጥ ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። በአማርኛ የምጽፍልዎ እርስዎም ጅግጅጋ በአማርኛ የተማሩ በመሆንዎ፣ የእኔም ሶማሊኛ ለክርክር እንጂ እንዲህ ላለ ምስጋና ስለማይበቃ ነው። አንዱን ቅጂ በገበያው በር ላይ የለጠፍኩት ደግሞ ደብዳቤው መንገድ ላይ እንዳይጠፋብዎ በማሰብ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት በኮሚቴው ማህተም የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ የፌስታል ክልከላውን ጥሰሻል ብሎ እስከ ሐሙስ ድረስ ቦታዬን እንድለቅ ያዛል። ሁለት ልጆቼን የማሳድገው ከዚያች ጠረጴዛ በሚገኘው ስለሆነ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ያም ሆኖ ያለ ምስጋና መሄድ ነውር መስሎ ስለታየኝ የሚከተለውን በአክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. ፌስታል ስለከለከሉልን አመሰግናለሁ። ይህን እንኳ ከልቤ ነው የምለው። የጎረቤቴ የራሕሞ ሁለት ፍየሎች ፌስታል በልተው ሲሞቱ አብሬያት አልቅሻለሁ፤ የውሃ መውረጃው በፌስታል ተደፍኖ የመጣው ጎርፍም አንድ ጆንያ በርበሬ ወስዶብኛል። ስለዚህ ክልከላው ከመታወጁ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሬ ደንበኞቼ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ከቤታቸው ይዘው እንዲመጡ ሳስለምድ ቆይቻለሁ። ኮሚቴው ይህንኑ ሐሳብ በሆቴል በተካሄደው ወርክሾፕ ላይ እንደ ራሱ ግኝት ሲያቀርብ እኔን አለመጥራቱ፣ ሥራ እንዳልፈታ አስቦልኝ መሆን አለበት።

2ኛ. ተቆጣጣሪዎ ሀርቢ ስላሳየው ትጋት አመሰግናለሁ። ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው መጥቶ፣ ቆርቆሮ ለሚረሱ ደንበኞች ያስቀመጥኳትን የመጨረሻ የፌስታል ጥቅል ሲነጥቀኝ፣ በችኮላው የሚጥሚጣ ሳህኔን ገልብጦ በጥቅሉ ላይ ደፋው። ሳያራግፍ እንዳለ ጆንያ ውስጥ ከቶ፣ እያስነጠሰ በባጃጅ ወደ መጋዘንዎ ወሰደው። እዚያ የገባ ፌስታል ሁሉ እንደሚወገድ ነግራችሁን ስለነበር፣ ለሚጥሚጣዬ እንጂ ለፌስታሉ አላዘንኩም።

3ኛ. እንደሚያውቁት ከክልከላው ወዲህ ፌስታል ከገበያችን አልጠፋም፤ ከጠረጴዛ ላይ ወደ ጠረጴዛ ሥር ወረደ እንጂ። ከእኔ ርቃ በገበያው ሌላኛው ጫፍ ቴምር የምትሸጠው ሳጋልም፣ ሀርቢ የእኔን በወሰደ በአራተኛው ቀን፣ ከአንድ አዟሪ በድብቅ በገዛችው ፌስታል ለማፍጠሪያ የሚሆን ቴምር ጠቅልላ ሸጠች። ገዢው ሁላችንም እንደ አጎት አዴር እያልን የምናከብራቸው አዛውንቱ ሮብሌ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የጾሙት ሰውዬ በመግሪብ ሰዓት ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያዋን ቴምር አፋቸው ውስጥ ሲያደርጉ የሆነውን፣ ጩኸታቸውን የሰማ ሰፈር ሁሉ ይመሰክራል። ውሃ ቢጠጡ ባሰባቸው፤ የዚያን ዕለት ተራዊህም ሳይሰግዱ ቀሩ። ለእሳቸው በእውነት አዝኛለሁ፤ ቤታቸው ድረስ ሄጄም አውፍ ብለው ይቅር እንዲሉኝ ጠይቄያለሁ።

4ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ስለ ምርመራችሁ ነው። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በቴምሩ ፌስታል ላይ የተገኘው ሚጥሚጣ የሪሀና መሆኑ በኮሚቴው ማጣራት ያለ አንዳች ጥርጥር መረጋገጡን ይገልጻል። ክቡር ሆይ፣ ፍጹም ትክክል ነዎት፤ የእኔ ነው፤ እንደዚያ አድርጎ የሚያቃጥል በገበያው ሌላ የለም። ይሁን እንጂ እኔ ለሳጋል ፌስታልም ሚጥሚጣም ሸጬላት አላውቅም። ሚጥሚጣዬ የተደፋበት ፌስታል ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ እሱም ሀርቢ ወስዶት እርስዎ የቆለፉበት ነው። ጥቅሉ ከመጋዘንዎ ተነስቶ በአዟሪ እጅ ሳጋል ዘንድ እንዴት እንደደረሰ እኔ ምን ብዬ ልናገር፤ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤዎ ተናግሮታል።

ክፉ ጥርጣሬ በአላህ ዘንድ ወንጀል መሆኑን ስለማውቅ የምጠረጥረው አስተግፊሩላህ እያልኩ ነው። ምናልባት ፌስታሎቹን ከመጋዘኑ ነፋስ አውጥቷቸው ይሆናል እያልኩ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ። ግን ቁልፍ የሚከፍት፣ ፌስታል የሚያስተካክልና መልሶ በክር የሚያስር ነፋስ በሀርጌሳ ሲነፍስ አላየሁም። ክልከላው የመጣው ፌስታልን ለመቀነስ ነው ወይስ ሻጩን ለመቀነስ የሚለው ጥያቄም፣ ብሸሸው ብሸሸው እየተከተለ አስቸግሮኛል። ስለሆነም ማስጠንቀቂያው እንዲነሳልኝ፣ መጋዘኑም ከሐሙስ በፊት በሽማግሌዎች ፊት እንዲከፈት በትህትና እለምናለሁ። ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ የገባው ሁሉ የት እንደተወገደ ለሽማግሌዎቹ ቢያሳዩልን እኔን ከጥርጣሬ ወንጀል ያድኑኛል።

አላህ ሥራዎን በገሃድ የሚሠሩበት ጊዜ ያምጣልዎ እያልኩ፣ ማስጠንቀቂያውን በክብር ተቀብዬ፣ ማህተሙም እንዳይደበዝዝ በጥንቃቄ ያስቀመጥኩት፣

ሪሀና
የሚጥሚጣው ባለቤት፣ በኮሚቴው የተረጋገጠች

ተጨማሪ፦ ትናንት ከዐስር ሰላት ስመለስ አንድ ጨዋ ሰው የጠረጴዛዬን ስፋት በክንዱ ሲለካ አገኘሁት። ከሐሙስ ጀምሮ ቦታው የእሱ እንደሚሆን እርስዎ ራስዎ እንደነገሩት በትህትና አስረዳኝ። ምንም አልተቀየምኩትም፤ ምን ሊሸጥበት እንዳሰበ ብቻ ጠየቅኩት። ፌስታል ነው አለኝ።