ወንድሜን ግድግዳ ስላደረጉልን

ለክቡር ዋጃ ኢምዳድ ካልማቲ
የሰፈራችን እግር ኳስ ማኅበር ሊቀመንበር
ሊያሪ፣ ካራቺ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ለዓመታት ያልተለዩት ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛም፣ ሰፈሩ ሁሉ «ላላ»፣ ማለትም ታላቅ ወንድም፣ የሚለው ታላቅ ወንድሜ ሻህዳድ በረመዳን ዋዜማ ካረፈ ወዲህ፣ አላህ ይመስገን፣ አለን።

ስሜ ሐማል ይባላል፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ላላ ለአገሩ በተከላካይነት ሲጫወት ሕዝቡ «ዲዋል» ይለው ነበር፤ ግድግዳ ማለት ነው፣ ኳስ አያልፈውም ለማለት። ትርጉሙን የምጽፈው ለሌላው አንባቢ ነው፤ እርስዎማ ከሁላችንም በላይ ቃል በቃል እንደተረዱት አይተናል።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ መርፌው አመሰግናለሁ። ጉልበቱ አብጦ መቆም ሲያቅተው፣ ሕመሙን በመርፌ እያስታገሱ እንዲያሰልፉት ያዘዙት የዚያን ጊዜው የብሔራዊ ቡድኑ መሪ፣ እርስዎ፣ ነበሩ። እናቴ «ተው ልጄ፣ ይቅርብህ፤ ጉልበትህ እኮ ሐብሐብ አክሏል!» ስትለው፣ «እማ፣ እኔ ከወጣሁ ማን ሊቆም ነው? አጥቂዎቻችንን ታውቂያቸው የለ፣ ኳስ ሲያዩ ይደነግጣሉ» እያለ ያስቃት ነበር። ሐኪሞቹ እንደነገሩን የገደለው ኩላሊቱ ነው፤ ኩላሊቱን የጎዳው ደግሞ ለዓመታት የወሰደው ማስታገሻ ነው። ስለዚህ ስለ ጉልበቱ ቅሬታ የለንም።

2ኛ. ስለ ጡረታውም እንዲሁ። አለቆች በሥልጣን ተጣልታችሁ ቡድኑ ከውድድር ሲታገድ ላላ ገና ሠላሳ አልሞላውም ነበር። ሌላው ተጫዋች በጭብጨባ ይሸኛል፤ እሱ መሰናበቱን የሰማው ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጦ፣ ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፣ ከሬዲዮ ነው። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ልጆች፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ በሜዳችን ያሠለጥን ጀመር። በዚህ ሥራ ስላላገዙት በተለይ እናመሰግናለን፤ ቢያግዙት ኖሮ ሜዳው ያኔውኑ ባለቀለት ነበር።

3ኛ. አሁን ወደ ትልቁ ውለታ ልምጣ። ከቀብሩ በኋላ የሰፈሩ ሰው ቢሮዎ ድረስ መጥቶ «ዲዋል ከሜዳው አይጥፋብን» ብሎ ለመነዎት። ሜዳው በስሙ ይጠራ፣ ልጆቹም ይጫወቱበት ማለታችን ነበር። እርስዎም እንባ አቅርረው ቃል ገቡ፤ ቃልዎንም አከበሩ። በሜዳው መሐል ለመሐል ግድግዳ አቆሙ፤ የወንድሜንም ስም በአረንጓዴ ቀለም አስጻፉበት። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ግማሽ የአማችዎ መኪና ማቆሚያ ሲሆን፣ ወዲህ ያለው ግማሽ የአሸዋና የሲሚንቶ ማራገፊያ ሆኗል። በምረቃው ዕለት ሻይ ሻጩ ቻቻ ኑርባክሽ «የሞተውን እንኳን ያለ ሥራ አይተዉትም! ዕድሜ ልኩን ባላጋራ ሲያስቆም ኖሮ፣ ዛሬ የገዛ ልጆቹን እንዲያስቆም አደረጉት» ሲሉ ሰምቼ፣ አድናቆታቸውን ሳላደርስልዎ መቅረት አልፈለግሁም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተቀብዬ ነበር። ግን ላላ ያሠለጥናት የነበረች ማህጉል የምትባል የጎረቤት ልጅ፣ ገና ማንበብ መልመዷ ነውና፣ ግድግዳው ላይ ስሙን ፊደል በፊደል አንብባ ወደ እኔ ዞረች። «ሐማል፣ ላላ ነው እንዴ አትግቡ ያለን? ምን አጠፋን?» አለችኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው ግድግዳውን እንዲያፈርሱልን ነው። ይህ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ የወንድሜን ስም ይፋቁልን። ቀለሙን እኔ ራሴ እፍቃለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ።

ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም ውለታዎን በሩቁ ዞሬ የማልፍ፣ ታዛዥዎ፣
ሐማል፣ የሻህዳድ ወንድም

ማስታወሻ፦ ከግድግዳው ግርጌ «በክቡር ዋጃ ኢምዳድ ካልማቲ የተገነባ» የሚል ጽሑፍ አለ። ልጆቹ ከአሸዋው ክምር ጎን ትንሽ ቦታ አግኝተው፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ጎል ስለዋል፤ ስምዎም በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ውሏል። ተከላካይ ስለሌለ ኳሱ ሁሉ ይገባል።